ለሙሽሪት የታሰበው መኪና

ጂንካ ውስጥ አጥር የምንጋራው ሾፌሩ ደስታ ሃርድቶፕ መኪናውን ለልጁ ለሰርጓ ሊሰጣት መሆኑን የነገረችኝ ሚስቱ አስቴር ናት። ወሬ አይለፈኝ ብዬ፣ የሙሽራው አባት መኪናውን ሊያዩ ከገዘር በመጡ ቀን እኔም ግቢያቸው ተገኘሁ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከስር አዩ። «ምንድን ነው ይሄ ጥቁር?»

«የተቃጠለ ዘይት ነው ጋሼ። ከአርቦሬ፣ ከጨው ባሕር ዳር በተመለስኩ ቁጥር እቀባዋለሁ፣ ዝገት አይደፍረውም» አለ ደስታ። ወደ እኔም ዞሮ «የማርቆስ እናት፣ እስቲ ወለሉ ላይ ውጪበት፤ ጥንካሬውን ይዩት» አለኝ። ውፍረቴን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ወጥቼ ረገጥ ረገጥ ሳደርግ ወለሉ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ። አንድ እግሬ እስከ ጭኔ ሰመጠ፤ ቀሚሴ ላይ ቀርቶ ባዶ እግሬ በሙሽሪት አማት ፊት ከመኪናው ስር ተንጠለጠለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው፣ በእጃቸው ብቻ ከስር ዳበስ ዳበስ አድርገው ጭቃ ፈረፈሩ። «አንተ ሰው፣ የጨው ባሕርን ጭቃ ሳታጥብ ነው እንዴ ዘይት የምትቀባው? ጨውና እርጥበቱን ከብረቱ ጋር ቆለፍክበት እኮ።»

አስቴር ከስር ገብታ እግሬን በነጠላዋ ጠቀለለችልኝ፤ ደስታ የተሰበረውን ቆርቆሮ አጥፎ እስኪያወጣኝ እንደዚያው ቆየሁ።

ሙሽሪት በሚኒባስ ገዘር ገባች፤ አሁን ወልዳለች። ደስታ በሰው መኪና ይሠራል። ሽማግሌው ገበያ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ፤ እኔም አልጠራቸውም።