አባባ ሸምሱ ሲወጡ አላየሁም

ልጅ ሳለሁ ያላየሁትን አይቻለሁ ብዬ አንድ ሽማግሌን እንጀራቸውን አሳጥቻለሁ። ይህን ለእናቴም ሆነ ኋላ ለባለቤቴ ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ አርባን አልፌ የራሴን ልጆች «ውሸት ነውር ነው» እያልኩ ስቆጣ ድምፄ ይሰንፍብኛል።

አባቴ የወረዳ ግዛቱ ጸሐፊ ሆኖ ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡታጅራ ሲዛወር እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር። ቤታችን ከትምህርት ቤቱ ጋር በአጥር ይዋሰናል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አባባ ሸምሱ የዚያው የመስቃን አገር ሰው ነበሩ። ያኔ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከበሩ አጠገብ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ያነዳሉ፤ እኛ የሠፈር ልጆች እንከባቸዋለን። አንዳንድ ቀን የደረቀ የበርበሬ አገዳ ከጭራሮው ጋር ይደባለቅና ጭሱ ሁላችንንም ያስለናል፤ እርሳቸው ግን ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ተረቱን ይቀጥላሉ። ተረታቸው ሁሉ ስለ መግባት ነበር። ጅቡ ዘመድ መስሎ ባልቴቷ ቤት ይገባል፤ ጦጣዋ ጎተራ ትገባለች። እዚያ ላይ ሲደርሱ ፍሙን ቆስቁሰው «እህ፣ እንዴት ወጣ?» ብለው ይጠይቁናል።

ቀድሜ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። «በጓሮ በኩል ነዋ።»

«አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ያየ ይናገር» ይላሉ፤ ሁሉም ይስቅብኛል፤ ተረቱ ይቀጥላል።

እንግሊዝኛ ያስተማሩን መምህር አስፋው የሚባሉ ወጣት ነበሩ። በአማርኛ «ገባ» ወይም «ወጣ» ስንል ቃሉ ራሱ አቅጣጫውን ይዞታል፤ በእንግሊዝኛ ግን መሄድን የሚናገረው ቃል ወዴት እንደሆነ አይነግረንም፤ የሚነግረን ከኋላው የሚከተለው ትንሽ ቃል ነው አሉን። ጠመኔያቸውን ሳጥን ውስጥ ከተው «ኢንቱ»፣ መልሰው አውጥተው «አውት ኦፍ» አሉ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ዘለው ወጡና «ኦንቱ»፣ ወርደው ደግሞ «ኦፍ» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «እነዚህ እንደ በሬ ተጠምደው ነው የሚሄዱት» አሉ። «አንዱን ብቻ የጻፈ ግማሽ ማርክ ነው የሚያገኘው።» ለቤት ሥራም በሠፈራችን በዓይናችን ካየነው አምስት ጥንድ ጽፈን እንድንመጣ አዘዙን።

ያ ሳምንት የትምህርት ቤቱ ማሾ ፋኖስ ከዕቃ ቤት የጠፋበት ነበር። የማታ ተማሪዎች በእርሱ ብርሃን ነበር የሚማሩት። ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በጎሪጥ ያይ ጀመር፤ እናቴ እንኳ የጓዳውን በር መቆለፍ ለመደች። አባቴ ራት ላይ «ቁልፉ ያለው ዳይሬክተሩና ዘበኛው እጅ ነው። ዳይሬክተር ማሾ አይሰርቅም» ሲል ሰማሁት። በማግስቱ እሳቱ ዳር ተቀምጬ ተረቱን ትቼ የአባባ ሸምሱን እጅ ሳይ አመሸሁ።

አራቱን ጥንድ በዶሮና በድመት ሞላሁ። አምስተኛው ጎደለኝ። በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባባ ሸምሱ ዕቃ ቤት ሲገቡ በአጥሩ ቀዳዳ ማየቴ ትዝ አለኝ። ሲወጡ ግን አላየሁም፤ ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር እናቴ የተሰጣውን በርበሬ እንዳስገባ ጠርታኝ ነበር። «ዘበኛው ወደ ዕቃ ቤት ገባ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ግማሽ ማርክ። ከሥሩ «ዘበኛው ማሾ ይዞ ከዕቃ ቤት ወጣ» ብዬ ጨመርኩ። ስጽፈው የዋሸሁ አልመሰለኝም፤ የጎደለውን የሞላሁ ነው የመሰለኝ።

መምህር አስፋው ከአሥር አሥር ሰጡኝ። ደብተሬን ግን አልመለሱልኝም። ዳይሬክተሩ ቢሮ ስጠራ አባባ ሸምሱ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ሥር ቆመዋል።

«በዓይንሽ አይተሻል?» አለኝ ዳይሬክተሩ።

ያቺ ጥያቄ የአባባ ሸምሱ ነበረች። አሥሩ ማርክ ደግሞ የእኔ።

«አይቻለሁ» አልኩ።

«መግባቱንስ ገብቻለሁ» አሉ አባባ ሸምሱ ዝግ ባለ ድምፅ። «መጥረጊያ ላወጣ ነው የገባሁት።»

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ክፍል ገባ። አጠገቤ የምትቀመጠው ዘሃራ ደብተሯን ሰብስባ ተነሣችና «ሽንት ቤት ስገባ ደግሞ እንዳትጽፊኝ» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር አልተቀመጠችም።

በዚያው ቀን ሲመሽ እሳቱ ነደደ። ልጆች በወላጆቻቸው ተከልክለው ይሁን ፈርተው አላውቅም፣ ከሁለት ሕፃናት በቀር የመጣ አልነበረም። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ጅቡ ባልቴቷ ቤት ገባ። አባባ ሸምሱ ፍሙን ቆሰቆሱ፤ የፍሙ ቅላት ፊታቸው ላይ ወጥቶ ጠፋ።

«እህ፣ እንዴት ወጣ?»

ወደ ቆምኩበት ዞሩ።

«ንገሪን እንጂ ልጄ» አሉኝ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም። «አንቺ አይደለሽ ያየሽው?»

ሮጬ ቤቴ ገባሁ። ጠዋት በሩ ላይ የቆመው ሌላ ዘበኛ ነበር። አባባ ሸምሱ ወደ ገጠራቸው መመለሳቸውን ሰማሁ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ ማረፋቸውን። የዚያን ጅብ መውጫ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ማሾውም የት እንደገባ አልታወቀም። ምናልባት አባባ ሸምሱ ወስደውት ይሆናል። ይህን ጥርጣሬ ዕድሜዬን ሙሉ አቅፌው ኖሬአለሁ፤ እርሳቸውን በጠረጠርኩ ቁጥር የእኔ ጥፋት የሚያንስ ስለሚመስለኝ። ግን ቢወስዱስ፣ እኔ አላየሁም። ሲገቡ አይቻለሁ፤ ሲወጡ አላየሁም። ይህን ዳይሬክተሩ ፊት መናገር ነበረብኝ፤ ያኔ አልተናገርኩም። ይቅር የሚሉኝ እርሳቸው ነበሩ፤ አሁን የሉም። ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ፣ እናንተ ይቅር በሉኝ።