ያልተለካው ጠረጴዛ

ለጸሎት ቤታችን ሃያ ወንበር ጎድሎን ነበርና አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እዚህ እንግሊዝ አገር ከሃሊፋክስ ከተማ የሠራተኞች ክበብ ልዋስ ሄድሁ። የወንበሮቹን ክፍል ስፈልግ የተሳሳተ በር ከፈትሁ። ውስጥ ኳስ በዱላ እየመቱ ቀዳዳ የሚያስገቡበት አንድ የስኑከር ጠረጴዛና ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ግራ እጁ ሽባ ሆኖ የተንጠለጠለ ሰው ነው፤ ዱላውን በቀኙ ይዞ አጎንብሷል። ሌላው ሰማንያ ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሽማግሌ ነው። መዳፉን አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ዘርግቶ፣ አውራ ጣቱን ቀና አድርጎ፣ የወዳጁን ዱላ በገዛ እጁ ላይ ያስኬድለታል።

«አትንቀጥቀጥብኝ፣ አንተ ሽማግሌ።»

«የምትንቀጠቀጠው አንተ ነህ። እኔ ድልድይ ነኝ።»

«ድልድይማ ብትሆን ማዘጋጃ ቤቱ ድሮ ዘግቶህ ነበር።»

ኳሷ ቀዳዳው ውስጥ ገባች። ሽማግሌው እጁን አንስቶ ወደሚቀጥለው ኳስ አዘገመ፤ እንደገና ዘረጋው። እኔም በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁና ይህን ስላሳየኝ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ያየሁት ደግነት ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌው ክሊፎርድ ሆልሮይድ ይባላል። የተወለደው ከምንጣፍ ፋብሪካው ጀርባ ነው፤ እናቱ እዚያው ሸማኔ ነበረች። ገና በልጅነቱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጨርቅ በመዳፉ ዳብሶ፣ ጠጉሩ ወዴት እንደተኛ ይናገር ነበር። ይህ ችሎታው የእንጀራ ገመዱ ሆነ። የስኑከር ጨርቅ እንደ ድመት ጀርባ ነው፤ የሚቦረሸውም የሚተኮሰውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ያለዚያ ኳሱ መንገዱን ይስታል። ክሊፎርድ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጠረጴዛ ማልበስ ጀመረ፤ ካውያውን ያስቀመጠው በሰባ ዓመቱ ነው።

ከእነዚህ ዓመታት አሥራ አራቱን የሰጠው ለስኑከር ሁለተኛ ደረጃ የውድድር ዙር ነው። ዙሩ ወረቀት ላይ ረጅም ስም ነበረው፤ ተጫዋቾቹ ግን «ምድር ቤት» ይሉታል። ለዋናው ውድድር ያልበቁ መቶ ያህል ሰዎች በየዓመቱ እዚያ ይፋለማሉ፤ በነጥብ የበለጡት ስምንቱ «ፎቅ» ይወጣሉ፤ የቀሩት በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው ይመጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት ስምንት ውድድር ነበረው። ቦታው ክሊቶርፕስ አጠገብ ያለ የባሕር ዳር የእረፍት ሰፈር ነው፤ እንግዳ በማይመጣበት በክረምት፣ በዳንስ አዳራሹ ውስጥ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ይደረደራል። ነፋሱ በመስኮቱ ሥር ያፏጫል። ተጫዋቾቹ በወረቀት የጠቀለሉትን ዳቦ በልተው፣ ካፖርታቸውን ደርበው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ተመልካች የለም።

ነገሩ የሆነው በሰባተኛው ዓመት፣ በየካቲት ነው። በረዶ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር የክሊፎርድ መኪና ሦስት ሰዓት ዘግይታ ደረሰች። አሥራ ሁለቱን ጠረጴዛ እየሮጠ ተኮሰ። ከተኮሰ በኋላ ደግሞ የእያንዳንዱ ጠረጴዛ ስድስት ቀዳዳ አፉ በመለኪያ ብረት ይለካል፤ የለካውም ሰው መዝገቡ ላይ ይፈርማል። ክሊፎርድ ሌሎቹን ለክቶ ሰባተኛው ጠረጴዛ ብቻ ሲቀረው የጨዋታው መጀመሪያ ደወል ተደወለ። «በእረፍት እለካዋለሁ» ብሎ አለፈው። በእረፍት ሰዓት የአዳራሹ ማሞቂያ ተበላሸ፤ እሱን ሲጠግን ረሳው።

በሰባተኛው ጠረጴዛ የሚጫወተው ግሌን ማርስደን የሚባል የሃያ አራት ዓመት ግድግዳ ለሳኝ ነበር። ጭር ባለው አዳራሽ አሥራ አምስቱን ቀይ ኳስ አስገባ፤ ከእያንዳንዱ ቀይ ቀጥሎ ጥቁሩን አስገባ፤ ከዚያ ስድስቱን ባለቀለም ኳሶች በየተራ ጠረገ። መቶ አርባ ሰባት! በአንድ ጨዋታ ከዚህ በላይ ነጥብ የለም፤ በምድር ቤትም ከዚያ በፊት ማንም አላገኘውም። የሌሎቹ ጠረጴዛ ሰዎች ዱላቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ። ወለል የምትወለውለው ሴት ባልዲዋን አስቀምጣ አጨበጨበች።

የውድድሩ ኃላፊ መዝገቡን ይዞ መጣ። እንዲህ ያለ ነጥብ የሚመዘገበው ጠረጴዛው በዚያ ቀን ጨዋታ ሳይጀመር ከተለካ ብቻ ነው።

«ክሊፍ፣ የሰባት ቁጥር ፊርማ የለም። ምን ሆኖ ነው?»

ሁሉም ወደ ክሊፎርድ ዞሩ። ግሌን ጉንጩ ላይ ሰማያዊ የዱላ ጠመኔ ብናኝ እንዳለ ይስቃል። ክሊፎርድ ማለት የነበረበት «አልተለካም» ነው። ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ልክ አይደለም» አለ።

ኃላፊው መዝገቡን ዘጋ። የግሌን ሳቅ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ሰፍቶ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ክሊፎርድ ጎንበስ ብሎ የካውያውን ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

«ባልዲ የሚያክል ቀዳዳማ እናቴም ታስገባበታለች!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግሌንን በስሙ የጠራው የለም። «ባልዲው መጣ»፣ «ለባልዲው ወንበር ስጡት» ሆነ።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ክሊፎርድ መለኪያውን አውጥቶ ስድስቱን ቀዳዳ በየተራ ለካ። ስድስቱም ልክ ነበሩ። በብረቱና በቀዳዳው አፍ መካከል ጠጉር አታልፍም ነበር። ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ ሊነግረው አስቦ ነበር። ግሌን ግን በዚያው ምሽት ተሸንፎ ስለነበር በማግስቱ በማለዳ ባቡር ሄደ። በዓመቱ መጨረሻ ዘጠነኛ ወጣ፤ ፎቅ የሚወጡት ስምንት ናቸው። ከዚያ ወዲያ በጠበበው ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን በሰፊውም መሳት ጀመረ። እጁን ማመን የተወ ተጫዋች ምን ይይዛል?

ምድር ቤቱም አብሮት ወረደ። ውድድሩን ይደግፉ የነበሩ የትንባሆ ነጋዴዎች ገንዘባቸውን ሲያቆሙ ስምንቱ ውድድር ስድስት ሆነ፤ ቀጥሎ አራት፣ ቀጥሎም ሁለት። በመጨረሻው ዓመት ከአንድ ጎማ ቤት በላይ ባለ ክበብ ውስጥ ሦስት ጠረጴዛ ብቻ ቀረ፤ አንደኛው ላይ ጣሪያው ያፈስስ ነበር። ክሊፎርድ ከሚያፈስሰው ሥር ሳህን አኑሮ ጠረጴዛውን ተኮሰው። በበጋው አንዲት አንቀጽ ያላት ደብዳቤ መጣች፤ ዙሩ ቀርቷል ትላለች። ግሌን ወደ ልስን ሥራው ተመለሰ። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ መሰላል ላይ ሳለ ደም አንጎሉ ውስጥ ፈስሶ ወደቀ፤ ግራ ጎኑ ሽባ ሆነ።

ምስጢሩን የምታውቀው የክሊፎርድ ሚስት ሞሪን ብቻ ነበረች። በሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና «ሂድና ንገረው» አለችው። ከቀብሯ በኋላ ሄደ። ግሌን በሩን ከፍቶ ሲያየው፣ «ደግሞ ምኑን ልትለካ መጣህ?» ብሎ ሳቀ። ዱላው አልጋው ሥር አቧራ ለብሶ ነበር። ክሊፎርድ ሊለው ያሰበውን ቃል ትቶ «አንዱን እጅ እኔ ብሆንልህስ፣ ልጄ?» አለው። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ቀርቶበት አያውቅም። እጁን ሰጠው፤ ቃሉን ግን እስከ ዛሬ አልሰጠውም።

ይህን ሁሉ ክሊፎርድ የነገረኝ ወንበሮቹን ስመልስ ነው። አጋዘኝ፤ ደክሞት አንዱ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥሁ። ባለፈው ማክሰኞ ግሌን ዱላውን እየወለወለ፣ «የዚያ ጠረጴዛ ቀዳዳ ሰፊ ባይሆን ኖሮ በሕይወቴ አንድ ነገር ሠርቻለሁ እል ነበር፣ አንተ ሽማግሌ» ብሎት ነበር።

«እጄ ተንቀጠቀጠ» አለ ክሊፎርድ። «ኳሷን አሳትሁት። ሃያ ስድስት ዓመት፣ በገዛ እጁ በሠራው ነገር እያፈረ ኖረ።»

«ይንገሩት፣ ሚስተር ሆልሮይድ» አልሁት። «እግዚአብሔር ልቡን ያለሰልሰዋል። ይቅር ይልዎታል።»

«ሊል ይችላል፤ ላይልም ይችላል። መብቱ ነው።» መዳፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አየው። «ማክሰኞ እነግረዋለሁ፤ ቆርጫለሁ። የምፈራው ሌላ ነው። ከነገርሁት በኋላ ይህን እጅ ማየት አይፈልግ ይሆናል። ያለ ሰው እጅ ደግሞ መጫወት አይችልም፤ የቀረለት ነገር ደግሞ ጨዋታው ብቻ ነው።»

መዳፉን ከጉልበቱ ላይ አነሣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንድ ነገር ልለምንህ፣ ልጄ። ማክሰኞ ና፤ ከበሩ ውጭ ቆይ። ብቻዬን ስወጣ ካየኸኝ ምንም አትጠይቀኝ። አንተ ግባና እጅህን ጠረጴዛው ላይ ዘርጋለት። ከባድ አይደለም፤ አውራ ጣትህን ቀና ማድረግ ነው። እስቲ እጅህን ስጠኝ፣ ላሳይህ።»