ጥጡ እስኪርስ

ክሊፎርድ ስታብስ አርባ ዓመት ያጨሰውን ሲጋራ የተወው ለሚስቱ ለጆይስ፣ ልትሞት አልጋ ላይ እያለች፣ በገባላት ቃል ነው። በቬፕ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ ነው የተወው፤ ቬፑን ደግሞ የሚገዛው በግሪምዝቢ ከተማ አሳ ገበያ አጠገብ ካለችው ከቤቨርሊ ሱቅ ነበር። በየቅዳሜው ይሄዳል፤ እሷም ፈሳሹን ወደ ጭስ የሚለውጠውን፣ ያለቀበትን ትንሽ ማሞቂያ አውጥታ አዲስ ትገጥምለታለች፣ ፈሳሹን ትሞላለታለች፣ ከዚያ ወሬዋን ትለቀዋለች። ስለ ድመቷ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ እህቷ ሦስተኛ ባል። ክሊፎርድ ደግሞ አውቶቡስ ሲነዳ እንኳ ተሳፋሪ የማያናግር ሰው ነበር።

ስለዚህ ልጁ ሃይዲ «አባዬ፣ ኦንላይን እኮ በግማሽ ዋጋ ነው፤ በርህ ድረስ ያመጡልሃል» ስትለው አላቅማማም። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ያሰኘው ከዋጋው ይልቅ ከዚያ ሁሉ ወሬ መገላገሉ ነበር።

ዕቃው መጣ። ቤቨርሊ ጋ የሚገዛው ራሱ ማሞቂያ፣ ራሱ ፈሳሽ። ገጠመ፣ ሞላ፣ ሳበ። የተቃጠለ ጨርቅ ጠረን ጉሮሮውን ያዘው። ሌላ ቀየረ፤ ያው ነው። «ሌቦች!» ብሎ ባዶ ቤት ውስጥ ጮኸ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ቤቨርሊ ጋ ለመሄድ አፈረ። የእኛ ከተማ ሰው መግዛት በተወበት ሱቅ ደጃፍ ላለማለፍ በዝናብም ቢሆን መንገድ ይሻገራል፤ ክሊፎርድም እንደዚያው ሲሻገር ሰነበተ።

ሐሙስ ዕለት ሱሱ አናቱ ላይ ወጣ። ሰፈሩ ካለው ሱቅ ገብቶ ሲጋራ ጠየቀ። ሻጩ ሊያወርድለት ዞር ሲል የጆይስ ፊት ድቅን አለበት። «ተወው፣ ይቅር» ብሎ ወጣ። ነገ ግን እንዲህ ብሎ እንደማይወጣ ያውቀዋል። ሳያስበው እግሩ ቤቨርሊ ጋ አደረሰው።

«ውይ! አለህ እንዴ? እኛ እኮ ለቀብርህ አበባ ልናዋጣ ነበር!»

«ኦንላይን ገዝቼ ነው» አለ፣ ጫማውን እያየ።

«አውቃለሁ፣ የኔ ሆድ። ስትሻገር በመስኮት አይሃለሁ፤ ጃንጥላ እንኳ አትይዝም። እስቲ አምጣው።»

ክሊፎርድ ቬፑንና አዳዲሶቹን ማሞቂያዎች ከኮቱ ኪስ አወጣላት። እሷም አንዱን ማሞቂያ አነሳች፤ ውስጡ ያለው ጥጥ ላይ ፈሳሽ ጠብ ጠብ አደረገች፣ ገጠመችው፣ ሞላችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ዕቃህ ምንም አልሆነም። ጥጡ ሳይርስ ነዋ የምትስበው! ትንሽ መቆየት አለበት።»

«አንቺ ጋ መቼ ቆይቼ አውቃለሁ?»

«ታዲያ ያን ሁሉ ስለ ድመቴ የምለፈልፈው ለምን መሰለህ? ቆይ ብልህ አትቆይ!»

ክሊፎርድ ሳቀ፤ ጆይስ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ስቆ አያውቅም።

«በል አሁን ሳበው።»

ሳበው። ምንም የቃጠሎ ሽታ የለውም።

«አየህ? ከእንግዲህ እቤትህ ራስህ ታደርገዋለህ» አለች ቤቨርሊ። «ከፈለግህበት ግዛ፤ አልቀየምም። ብቻ ወደ ሲጋራው እንዳትመለስብኝ።»

አመሰገነና ኮቱን ቆለፈ። በሩ ጋ ሲደርስ የቤቱ ጭር ማለት ትዝ አለው። ቬፑ ተሠርቷል፤ የሚያስቆየው ነገር የለም። ተመልሶ ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

«የእህትሽ ሦስተኛው ባል» አለ፣ «አሁንም አለ?»