ጥያቄዬን ይዞ የወጣው ሰው

ፈተና ቀንድ ያለው ይመስለኝ ነበር። በልጅነቴ የሰማኋቸው ሰባኪዎች ሁሉ ጥርሱን እያፋጨ የሚመጣ አድርገው ስለሚስሉት ሌላ መልክ ይኖረዋል ብዬ አላሰብሁም። የእኔው ግን ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ወደሚገኘው ቤቴ የመጣው አንድ ሸክም የተፈለጠ እንጨት ይዞ ነው። እንጨቱን ከአጥሩ ሥር አወረደና «እንዴት ዋልሽ፣ እቴ?» ብሎኝ ሄደ። እንዲህ ያለውን በምን አማትበው ያባርሩታል?

ያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርሁ። ባለቤቴ ሾፌር ነው። ደርግ ለሰሜኑ ጦርነት የጭነት መኪና ሲሰበስብ መኪናውን ከነሾፌሩ ወሰደው፤ እንደ መለዋወጫ ዕቃ አንድ ላይ ተቆጥረው ሄዱ። መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፣ ከዚያ ቀረ። ቀበሌ ሄጄ ስጠይቅ «ግዳጅ ላይ ነው» ተባልሁ። በዓመቱ ብመለስም «ግዳጅ ላይ ነው»። የሞተ ሰውም ግዳጅ ላይ ሊባል እንደሚችል የገባኝ ቆይቶ ነው።

ስለዚህ ምን እንደሆንሁ አላውቅም ነበር። ሚስት ነኝ ወይስ ባሏ የሞተባት? ጥቁር ብለብስ በቁሙ የቀበርሁት መሰለኝ፤ ነጭ ብለብስ ደግሞ ጎረቤቱ «ይቺን ምን ቸገራት!» ይላል። በመጨረሻ አንድ ቡናማ ሹራብ ገዛሁና ክረምት ከበጋ እሱን ለበስሁ። ተዝካር እንዳላወጣ ሟች የለም። ጎረቤቶቼ ግማሾቹ «እግዜር ያጥናሽ» ይሉኛል፣ ግማሾቹ «በሰላም ያግባልሽ» ይሉኛል፤ እኔም ለሁሉም አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ። የተጋባነው በቁርባን ነው። በቁርባን የተጋቡትን ከሞት በቀር የሚለያያቸው የለም፣ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። እኔን የቸገረኝ ሞት መጥቶ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚነግረኝ ሰው ማጣቴ ነው።

ባለ እንጨቱ ሰውዬ ከባሕር ዳር ቁንዝላ የሚመላለስ የሞተር ጀልባ ነጂ ነበር። ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ብቻውን ይኖራል። ዕድሜው ከእኔ ጠና ያለ ስለሆነ «እርስዎ» እለው ነበር። አንድ የነሐሴ ቀን ጣሪያዬ ሲያፈስብኝ አይቶ ወጣና ቆርቆሮውን መታልኝ። ሲወርድ ውኃው ከጢሙ ይንጠባጠባል። «ቆይ፣ ፎጣ ላምጣልህ» አልሁት። «ላምጣልዎ» ማለት ነበረብኝ። ሁለታችንም ሰማነው። ፎጣውን ይዤ ስመጣ ከእጄ አልተቀበለኝም፤ «በርጩማው ላይ አስቀምጭው» አለኝና እሱ ራሱ አነሣው።

መስከረም ጠብቶ ጥቂት እንደቆየ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ተናገረ።

«እቴ፣ እኔ የሰው ትዳር አልመኝም። የሰው ትዳር ካልሆንሽ ግን ንገሪኝ።»

ምን ብዬ ልንገረው? እኔስ መቼ አወቅሁት! ያን ሰሞን ሰሌዳ ላይ የጻፍሁትን ስደመስስ የጻፍሁት ምን እንደነበር ይጠፋኛል። ማታ «ወደ ፈተናም አታግባን» ስል የትኛውን ማለቴ እንደሆነ አላውቅም። ሰውየውን ነው ወይስ እሱን እምቢ ማለቴን? ለጠፋ ሰው መታመን ጽድቅ ነው ወይስ ግትርነት?

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው» አሉና በሐይቁ ላይ ባለች አንዲት ደሴት የሚኖሩ መናኝ አባት እንዳስጠይቅ ነገሩኝ። ያችን ደሴት ሴት አትረግጣትም። ጥያቄ ያላት ሴት ጀልባው ውስጥ ትቀመጥና ወንድ ትልካለች፤ የተላከው ቃሏን ለአባ አድርሶ መልሱን ይዞላት ይወርዳል። የኖረ ልማድ ነው።

አብሮኝ ሊሄድ የነበረው ዲያቆን ያን ቅዳሜ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተይዞ ቀረ። በጀልባው ላይ ከእኔ ሌላ አንድ ጨው ወደ ቁንዝላ የሚወስዱ ሸምገል ያሉ እስላም ነጋዴ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ወደ ገዳሙ አይወጡ። እንግዲህ ማን ቀረ? ነጂው።

ደሴቲቱ ሥር ስንደርስ ጥያቄዬን ነገርሁት። «በቁርባን የተጋባች፣ ባሏ ዘምቶ ወሬው የጠፋባት ሴት፣ ሌላ ሰው ላግባሽ ቢላት ምን ታድርግ፣ በልልኝ።»

«ሌላው ሰው እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ።»

«እሺ፣ እንዳልሽው እላለሁ» አለና ጫማውን አውልቆ ዳገቱን ወጣ።

ነጋዴው ጨዋታችንን ሰምተዋል። በጨው ጆንያቸው ላይ ተደላድለው ሳቁ። «ዘንድሮ ደግሞ አግቢውም ሽማግሌውም አንድ ሰው ሆነ? ልጄ፣ እኔ በሱ ቦታ ብሆን፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ የሚጥመኝን መልስ ይዤ ነበር የምወርደው!»

እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ግን ልቤ ብድግ አለ። እውነት ነው፣ ይችላል! አባ «ጠብቂ» ቢሉ እንኳ «አግቢ ብለዋል» ቢለኝ ማን ያውቅበታል? እኔ አምኜ እቀበላለሁ። ኃጢአቱ የሱ፣ ትዳሩ የሁለታችን ይሆናል። ፊቴን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሬ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ በአፌ አባታችን ሆይ እላለሁ፤ በልቤ «ዋሽልኝ፣ ባክህ ዋሽልኝ» እላለሁ። ከሁለቱ የትኛው ጸሎቴ እንደነበር ዛሬ ብትጠይቁኝም አልነግራችሁም፣ አላውቀውማ።

ሲወርድ ዓይኑን ከሐይቁ ላይ አልነቀለም።

«‹የሞቱ ወሬ ከታመነ ሰው አፍ እስኪደርሳት ድረስ የሰው ሚስት ናት፤ ትጠብቅ› ብለዋል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም» አለና ሞተሩን አስነሣ።

ነጋዴው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ቁንዝላ አቅጣጫ ማየት ጀመሩ። እኔን መጀመሪያ የከተማው ዳርቻ አወረደኝ። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላልሁትም። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስሁ፤ ያስለቀሰኝ ግን ንዴት ነው። ማን እውነተኛ ሁን አለው! የፈለገኝ ቢሆን አንዲት ቃል አይለውጥም ነበር? ደግሞ ወዲያው፣ ለውጦልኝ ቢሆን ኖሮ የውሸታም ሚስት ልሆን ነበር እላለሁ። ደግሞ እናደዳለሁ። እስከዚያ ቀን ያማለለኝ ብቸኝነቴ እንደነበር ገባኝ፤ እንጨት የሚያመጣልኝ፣ ጣሪያ የሚመታልኝ ማንም ቢሆን ልቤ ይከተለው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የወደድሁት እሱን ራሱን ነው፣ ስላልዋሸኝ። ለንስሐ አባቴ መልሱን ስነግራቸው «ተመስገን፣ ፈተናው አለፈ» አሉኝ። ገና መጀመሩ እንደሆነ እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

እሱ ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን አላለፈም። ገበያ ብንገናኝ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለኝና መንገዱን ይቀጥላል። እኔ ዞሬ አየዋለሁ፤ እሱ ዞሮ አያውቅም።

ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ባለቤቴ መጣ። ለካ ተማርኮ ኖሯል። ደስታዬ እውነተኛ ነበር፣ ማንም እንዳይጠራጠረው። ከስቶ፣ ፀጉሩ ሸብቶ ሳየው እግሩ ላይ ወድቄ አነባሁ። በግ አርደን ሰፈሩን ጠራን። ባይመጣ ሰው ምን ይላል ብሎ መሰለኝ፣ ጀልባ ነጂውም መጣ።

ከምግቡ በኋላ የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። «ይህች ልጄ ክፉ ዘመን መጥቶባት ፈተናን ድል ነሥታለች። ቃል ኪዳኗን ጠብቃ እግዚአብሔር ለዚህ አድርሷታል። ይህን ጽናት ለልጆቻችን ሁሉ ያድልልን!» አሉ። ባለቤቴ በሰው ሁሉ ፊት እጄን ሳመ። ቤቱ ሙሉ «አሜን!» አለ።

እዚያ ቤት ፈተናን ድል የነሣው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለእኔ የወረደውን ምርቃት እሱም እንደ ሰው ሁሉ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ «አሜን» ሲል ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል ለይቼ ሰማሁት።