የመስቃን በረኛ

ከቡታጅራ የወጣሁ ዕለት ቤታችን የተጣላው በመሄዴ እንዳይመስላችሁ፤ በሻንጣዬ ነው። እናቴ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ሚጥሚጣውን አሰልፋ ቆማለች። እኔ ደግሞ ሻንጣው መሀል አንድ አሮጌ የጌም ማሽን ከነጆይስቲኩ በፎጣ ጠቅልዬ አስተኝቻለሁ።

«ሰው ባሏ ጋ ጀርመን ስትሄድ ስንቅ ትይዛለች፤ አንቺ ቆርቆሮ?» አለች።

ማሽኑ የወንድሜ የሸረፋ ነው። ገበያው አጠገብ ጌም ቤት ነበረው። በኋላ ሁሉም ስልኩ ላይ መጫወት ሲጀምር ቤቱ ባዶ ቀረ፣ እሱም ባጃጅ መንዳት ጀመረና ማሽኑን ለቆራሌ ሊሰጥ ሲል ነጠቅኩት። ለምን በሉኝ። ሸረፋ ያንን የኳስ ጌም እንደመጣ አልተወውማ! ቡድኖቹን መስቃን፣ ቸሃ፣ ወልቂጤ ብሎ ሰየማቸው፤ ተጫዋቾቹንም የሰፈራችንን ሰዎች አደረጋቸው። ጌሙ ረጅም ስም ስለማይቀበል አብዱልቃድር «አብዱልቃ» ሆኖ ቀረ፤ ዛሬም ሰፈሩ እንደዚያ ነው የሚጠራው። ይህ ሁሉ ያለው ብስኩት በምታክል አንዲት ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ሌላ ቅጂ የለም።

ኤርፖርት ላይ አንድ ፈታሽ ፎጣውን ገለጠ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጌም።»

«ቀዩስ?»

«በርበሬ።»

አላመነኝም፤ ላስቲኩን ፈታ አድርጎ አሸተተ። ከዚያ በኋላ ማስነጠስ እንጂ መጠየቅ አልቻለም። ባልደረባው እየሳቀች «ሂጂ፣ ሂጂ» አለችኝ።

ጀርመንን ለመድሽ ወይ ትሉኛላችሁ። ብርዱ ይለመዳል። ዳቦው ግን ከቆጮ ጋር ላደገ ጥርስ አልተሠራም። አንድ ቀን ሥጋ ቤት መስታወት ውስጥ የተከተፈ ጥሬ ሥጋ ዳቦ ላይ ተቀብቶ አይቼ «ክትፎ!» ብዬ ልሮጥ ስል ባሌ ከማል ክንዴን ያዘኝ። «ሜት ይሉታል። አሳማ ነው።» አስተግፊሩላህ! እንዲህ ያለ ክህደት ከሥጋ ቤት አልጠበቅኩም።

አከራያችን ደግሞ አንድ እሑድ በሩን አንኳኳ። እሑድ «ሩሄ» ነው፣ ጸጥታ ማለት።

«ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?»

«አልተጣላሁም። እናቴን በስልክ ሰላም እያልኳት ነው።»

«እስካሁን?»

«ገና ጎረቤቶቹ ጋ አልደረስንም።»

ማሽኑን በተመለከተ፣ የከማል ቴሌቪዥን ለአሮጌ ገመድ የሚሆን ቀዳዳ እንኳ የለውም። ወር ገባ፣ ወር ወጣ፣ ፎጣው ውስጥ ተኛ። በመጨረሻ ከማል ከሥራ ሲመጣ «እዚሁ ከተማ የድሮ ጌም ሙዚየም አለ አሉ» አለኝ። እኛ ለቆራሌ የምንሰጠውን እነሱ መስታወት ውስጥ ያስቀምጡታል!

የተቀበለችን ብሪጊተ የምትባል ሽበታም ሴት ናት። ማሽኑን ለመንካት ነጭ ጓንት አጠለቀች። ሸረፋ ጋ እምቢ ሲል በጥፊ እንደሚነሳ ልነግራት አልደፈርኩም። ካርዷን ሰካችና ስክሪኑን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«ባዶ ነው የሚለው።»

ለከማል እንኳ በቅጡ ያልነገርኩትን ያን ጊዜ በተሰባበረ ጀርመንኛ ነገርኳት። አባቴ ሲራጅ ልብስ ሰፊ ነበር። ሶላት ሲደርስ ጌም ቤቱ በር ላይ ቆሞ ልጆቹን ይጠራል፤ እሱ በር ላይ ከቆመ እንኳን ሰው ብርሃን አያልፍም። ሸረፋ በዚህ ሊያበሽቀው ብሎ የመስቃን በረኛ አደረገው። አባቴ ከሞተ በኋላ ስናስበው፣ ፎቶ እንጂ ሲንቀሳቀስ የሚያሳይ አንድም ቪዲዮ የለንም።

ብሪጊተ ካርዷን ነቅላ መዳፏ ላይ አኖረች። «ተዪልኝ» አለች።

ከቀናት በኋላ ብሪጊተ ደወለችልኝ። ካርዷን አጽድታ፣ ሌላ ማሽን ላይ ሞክራ፣ ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተራቸው ገልብጣዋለች። እሷ ግን ይህን ሁሉ ከመናገሯ በፊት ያለችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሲራጅ እዚህ ነው።»

ስንሄድ የስሞቹን ታሪክ መመዝገብ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ለሸረፋ በቪዲዮ ደወልኩለት። ወሬው ከስልኩ ቀድሞ ኖሮ ግቢያችን በሰው ሞልቷል። ሥጋ ሻጩ ጋሽ ጀማል ስልኩን ነጠቀ።

«እኔን ጌሙ ላይ ለምን ፍጥነት ነሳኝ ይሄ ልጅ? ይስተካከልልኝ!»

ተረጎምኩላት። ብሪጊተ ሳትስቅ፣ «አይቻልም። እንደነበረ ነው የምናቆየው» አለች።

«ስለዚህ የፈረንጅ የልጅ ልጅ ሁሉ ጀማል ኤሊ ነበር ሊል ነው? ወላሂ ይግባኝ እላለሁ!»

ሳቁ ሳያባራ እናቴ ስልኩን ተቀበለች።

«የታል?»

ወደ ስክሪኑ አዞርኩላት። አባቴ ጎሉ ፊት ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ እጁን ዘርግቶ ወዲህ ወዲያ ይላል።

«ፀጉር አብቅሏል እንዴ?»

«በራ የሚል ምርጫ አጥቼ ነው!» አለ ሸረፋ ከኋላ።

ሳቀች። ቀጥሎ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ፊቱን ወደዚህ አዙሪልኝ።»

«አይዞርም እማ። ኳሱን እያየ ነው።»

ብሪጊተ ቁልፏን ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች። የመዝጊያ ሰዓት አልፏል።

«እማ፣ ሊዘጉ ነው።»

«ትንሽ ትታገሠን በያት» አለች እናቴ። «አሁን ገና አየሁት እኮ።»

ወደ ብሪጊተ ዞርኩ፤ ይህንን በጀርመንኛ እንዴት እንደሚሉት ጠፋኝ።