ተነስቶ የሄደውና ቁጭ ያሉት

የጤና ጣቢያውን የመርፌ ክፍል ሲስተር ሰፈሩ «ግማሽ ሰዓት» ነው የሚላት። የወጋችውን ሰው ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ታስቀምጠዋለች፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወይ ፍንክች! ለምነው፣ ተቆጥተው፣ ሥራ አለብን ብለው ቢምሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። እሷ ራሷ ግን ቁጭ ማለት አይሆንላትም። ምሳዋን እንኳ ቆማ ነው የምትበላው። ባሏ «አንቺ ሴትዮ፣ ወንበር ይዋጋሻል እንዴ?» እያለ ይስቅባታል።

እናንተ ግን አትፍረዱባት። ሥራ በጀመረችበት ዓመት አንድ ሰውዬ ፔኒሲሊን ወግታው፣ እግዜር ይስጥሽ ብሎ ወጥቶ፣ በሩ ላይ ወደቀ። በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነባት። ለምን እንቆያለን ለሚሏት ሳትሰለች ታስረዳለች፦ «ሰውነት ዘበኛ አለው። ዘበኛው አንዳንዴ ደህናውን እንግዳ ሌባ ነው ብሎ ቂም ይይዝበታል። ለጊዜው ዝም ይላል። እንግዳው ሌላ ቀን ብቅ ሲል ግን አገር ምድሩን ያናውጠዋል፤ ከንፈር ያብጣል፣ ጉሮሮ ይጠባል፣ የደም ግፊት ወለል ይነካል። ቤቱን የሚያፈርሰው እንግዲህ ዘበኛው ራሱ ነው።» ማርከሻው አድሬናሊን ነው። ጭን ላይ፣ ያውም ቶሎ። ሌላው መድኃኒት ከሱ ኋላ ይደርሳል።

የዚያን ዕለት ጠዋት አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ናቸው። ለልባቸው ሕመም በየወሩ ይህንኑ መርፌ ሲወጉ ዘጠኝ ዓመታቸው። «ለኔማ ውሃ ሆኗል» ይላሉ፤ ሲስተርም ስለሳቸው ሐሳብ አልነበራትም። ሌላው ጉሮሮው ቆስሎ የመጣ አናጢ ነው። መርፌ ሲያይ ላብ በላብ የሚሆን፣ ተወግቶ ሲያበቃ ደግሞ ጉራው ለጉድ የሆነ ሰው። በዕድሜው ፔኒሲሊን ይውሰድ አይውሰድ እንኳ አያውቅም።

ሲስተር የሌላ ሰው ቁስል አሽጋ ብቅ ስትል አናጢው የለም።

«የት ሄደ?»

«ደንበኛ ይጠብቀኛል ብሎ ውልቅ አለ። ኧረ ተው ብዬው ነበር» አሉ እትዬ።

«ስንት ደቂቃ ሆነው?»

«አሥርም አይሞላ።»

በሩ ላይ የወደቀው ሰውዬ ፊቷ ድቅን አለባት። ከቁም ሣጥኑ አድሬናሊኑን አወጣች፤ የቀረው አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው፣ ሌላው ከተጠየቀ ሳምንት አልፎታል። ከመርፌው ጋር ጋውኗ ኪስ ከተተችው። ከክፍሉ ውስጥ «እትዬ፣ እርስዎ እንዳይነሱ!» ብላ ጮኸችና በጓሮው በር እግሬ አውጪኝ አለች።

መንገድ ላይ ያየ ሁሉ ሳቀ። «ግማሽ ሰዓት ዛሬ ማንን ነው የምታሳድደው?» የታባታችሁ! እሷ መቼ ሰምታ። ሁለት መንገድ አቋርጣ አናጢው ቤት ስትደርስ ሰውዬው እያፏጨ ሳንቃ ይልጋል።

«ምነው ሲስተር? ቤትሽ ተቃጠለ?»

ከንፈሩን አየች፣ ክንዱን ገልጣ ቆዳውን አየች፣ የልብ ትርታውን ቆጠረች። ምንም የለበትም፤ ከሷ ይልቅ እሱ ጤነኛ ነው። እፎይ ብላ ልትሰድበው አፏን ስትከፍት ስልኳ ጮኸ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ነው።

«ሲስተር፣ እትዬ! ሰውነታቸው በሽፍታ ተሸፍኗል፣ ከንፈራቸው አብጧል፣ ራሳቸውን እየሳቱ ነው! መድኃኒቱን ከቁም ሣጥኑ አጣሁት!»

እጇ ሳታዝዘው ኪሷ ውስጥ ገባ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ደረሰ፤ ግን በማን ላይ! በምታምናቸው በእትዬ ላይ።

«መሬት ላይ አስተኛቸው! እግራቸውን ከፍ አድርግ! ልነሳ ቢሉህ እንዳትሰማቸው! አምቡላንስ ጥራ!»

አናጢው ነገሩ ገባው። ጉራውን እዚያው ጥሎ ሞተሩን አስነሳ። «ነይ፣ ከኋላዬ ውጪ!» መኪና ለመኪና እየሾለከ ሲበር እሷ ከኋላው «ፍጠን፣ ፍጠን!» እያለች ጀርባውን ትደበድባለች።

እትዬ ወለሉ ላይ ናቸው፤ ትንፋሻቸው ያፏጫል፣ ፊታቸው ማን እንደሆኑ አያስታውቅም። የብልቃጡን ግማሽ ስባ በቀሚሳቸው ላይ ጭናቸውን ወጋች። አምስት ደቂቃ ጠበቀች። እነዚያን አምስት ደቂቃዎች ለጠላትም አይስጥ። ግፊቱ አልነሳ ሲላት ቀሪውን ግማሽ ወጋች። ቀስ በቀስ ፉጨቱ ቀነሰ፣ እትዬ ዓይናቸውን ገለጡ።

አምቡላንሱ መጣ። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ሆስፒታል ማደር አለባቸው። ቃሬዛው ሲነሳ እትዬ የጋውኗን ጫፍ ጨበጡ።

«ልጄ፣ መዳፌን ሲበላኝ ጊዜ ጠራሁሽ እኮ» አሉ በሻከረ ድምፅ። «ደጋግሜ ጠራሁሽ። ተነስቼ ልፈልግሽ ነበር፤ አትነሺ ብላኛለች ብዬ ተውኩት። ውስጥ ያለሽ መስሎኝ።»

ሲስተር የእትዬን እጅ በሁለት እጆቿ ያዘች።

«አልነበርኩም፣ እትዬ» አለች።