ከአሻራው በታች

ያን ዓመት ሃያ ሦስት ሞላኝ። የኮሌጁ ማስታወቂያ ደግሞ «ዕድሜው ከሃያ ሦስት ዓመት ያልበለጠ» ይላል። ያየሁት ወልድያ፣ ቅጽ ላስባዛ በገባሁበት ፎቶ ኮፒ ቤት መስታወት ላይ ተለጥፎ ነው። አዲስ አበባ ያለ ትንሽ የሥነ ጽሑፍ ኮሌጅ ነው። ከመላ አገሪቱ አንድ ክፍል እንኳ የማይሞላ ተማሪ ይቀበላል፤ ለተቀበለው ግን ማደሪያውንም ምግቡንም ይችላል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አይጠይቅም፣ ራሱ ይመዝናል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር እዚያው ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኳት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለት ጊዜ ወድቄ ነበርና።

ሥራዬ ራፖር ጸሐፊነት ነው። መርሳ፣ ከፍርድ ቤቱ በር ማዶ ካለው ዛፍ ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ እሽግ ካርቦን አለኝ። መጻፍ የማይችል፣ ወይም ችሎም የችሎት ቋንቋ የሚያስፈራው ሰው ይመጣል። ይናገራል፣ እጽፋለሁ፣ መልሼ አነብለታለሁ፤ ከዚያ ይፈርማል ወይም አውራ ጣቱን ያትማል። ሥራውን ያስተማረኝ አጎቴ ነው። የእሱ ጠረጴዛ ከእኔ በክንድ ርቀት ላይ ነው። ብዙ ጊዜ እሱ ለከሳሽ ሲጽፍ እኔ ለተከሳሽ እጽፋለሁ። አንዳችን የሌላውን ወረቀት እንዳናይ በመካከላችን ጃንጥላ ዘርግተናል።

ግጥም የምጽፈው በተበላሸ ማመልከቻ ጀርባ ነበር። አጎቴ ያን ሲያይ «ገጣሚው» ይለኛል። በእሱ አፍ ስድብ ነው።

አብረውኝ ከተማሩት ልጆች ብዙዎቹ በባሕር አድርገው ሳዑዲ ሄደዋል። ገብተዋል የሚባሉ አሉ፤ ገቡም ተብሎ ድምፃቸው ያልተሰማ አሉ። የሚወስዳቸው ደላላ በሳምንት አንድ ቀን በጠረጴዛዬ አጠገብ ሲያልፍ ቆም ይልና «መቼ ነው የምትቆርጠው?» ይለኛል። ልክ የአውቶቡስ ቲኬት እንደሚጠይቅ ሰው። ኮሌጁ እምቢ ካለኝ እሺ እንደምለው አውቅ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ማንነቴን ለማሳየት ሌላ በር አልቀረኝም፤ ዛፉ ሥር ተቀምጬ ግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ እንደማይችል ሰውነቴ ነግሮኛል። እግሬ ጠረጴዛው ሥር አርፎ አያውቅም።

ማመልከቻው የሚጠይቀው የራስን ጽሑፍ፣ ስለ ራስ የሚገልጽ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ፣ እንደዚሁም በሥራ የሚያውቀኝ፣ ዘመዴም መምህሬም ያልሆነ ሰው በእጅ ጽሑፍ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ስለ ሌላ ሰው ስጽፍ የምውል ሰው ስለ ራሴ አንድ ገጽ አቃተኝ። «አመልካች የመርሳ ከተማ ነዋሪ ሲሆን» ብዬ እጀምርና እቀድደዋለሁ። በመጨረሻ አንድ ገጽ ወጣኝ። ምስክሩ ግን ጠፋ። አጎቴ ዘመድ ነው። ከማውቃቸው የቢሮ ሰዎች አንዱ «ጥያቄህን በደብዳቤ አስገባ» አለኝ፤ ደብዳቤ ለማግኘት ደብዳቤ። ሌላው እሺ ብሎኝ ስልኩን ማንሳት ተወ። ወረቀቱ ወልድያ ፖስታ ቤት መድረስ ያለበት በማግስቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ነበር፣ እኔ ደግሞ ምስክር አልነበረኝም።

ያን ዕለት ጠዋት ግራና ከሚባለው መንደር አንዲት ባለጉዳዬ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የባላቸው ወንድም ከመስኖው ቦይ አጠገብ ያለችውን ማሳቸውን እያረሰ ድንበር ገፍቶባቸዋል። ሦስት ዓመት በሙሉ ጉዳያቸውን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ለባላቸው ወንድም የሚጽፍለት አጎቴ ነው።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ምነው ፊትህ? ሰው ሞተብህ እንዴ?» አሉኝ።

«ምስክር ሞቶበት ነው፤» አለ አጎቴ ከጃንጥላው ወዲያ። «ገጣሚው ኮሌጅ ሊገባ ነው፤ ጨዋ ነው የሚልለት ሰው በመርሳ ጠፋ።»

ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈለግ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ወንበሩ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«እኔ አላውቅህም? በል ብዕርህን አንሳ።»

«እናቴ፣ እርስዎ እኮ መጻፍ...»

«ሥራህ ምን ሆነና ታዲያ? ሁልጊዜ እንደምንሠራው ነዋ። እናገራለሁ፣ ትጽፋለህ።»

ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ነጭ ወረቀት አወጣሁ።

«ይህ ልጅ ሌባ አይደለም፤» ብለው ጀመሩ።

«ጥሩ መነሻ ነው፤» አለ አጎቴ።

«አንተ ዝም በል፣ የዚያኛው ጸሐፊ! ጻፍ። ሌባ አይደለም፣ ግን ይቸኩላል። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ እሱ ጽፎ ይጨርሳል። ቃልም ይጨምራል። አንድ ጊዜ እኔ ሳላለቅስ አለቀሰች ብሎ ጻፈብኝ። ዳኛው ሲያነቡት ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወላሂ አላለቀስኩም።»

እጄ ቆመ። «እናቴ፣ ይህ የምስክርነት ደብዳቤ ነው። ጥሩ ጥሩውን ነው የሚናገሩት።»

«ለዳኛ እውነቱን ይናገሩ ትለኝ የለ? እዚህ ሲደርስ ውሸት ልናገር? ጻፍ። ቃል ይጨምራል። ነገር ግን መልሰህ አንብብልኝ ስለው የጨመረውንም ሳይደብቅ ያነባል። ሰርዝ ስለው ይሰርዛል። ፊቱን ያጠቁራል፣ ግን ይሰርዛል። ሰውየው ድንበሬን ከገፋ ጀምሮ እኔ ያልኩትን ባልኩት ቦታ ላይ ያቆመልኝ እሱ ብቻ ነው።»

እየጻፍኩ ጆሮዬ ይግል ነበር። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። «ይቸኩላል» የሚለውን «ትጉህ ነው» ብዬ ብጽፈው፣ ሳነብላቸው ደግሞ ያሉትን ብደግምላቸው ማን ያውቃል? አጎቴ እንኳ ጃንጥላው ጋርዶታል። ብዕሬን ወረቀቱ ላይ አቁሜ ብዙ ቆየሁ፣ ቀለሙ ነጥብ እስኪያወጣ። ከዚያ ያሉትን ጻፍኩ። ጨዋነት አልነበረም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያሉኝን የጻፈ እጅ በዚያች ደቂቃ ሌላ ነገር አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

«ጨርሰናል?» አልኩ።

«አንድ ቀርቷል። ብትወስዱትም የኔ ጉዳይ ሳያልቅ አትውሰዱት በል። ቀጠሮዬ ገና ነው።»

ይህን አልጻፍኩም። እየጻፍኩ እንዲመስል ብዕሩን ከወረቀቱ በላይ አንቀሳቀስኩና «ተነቦልኝ መስማቴን በአሻራዬ አረጋግጣለሁ» የሚለውን ጨመርኩ። መልሼ አነበብኩላቸው፤ ያስቀረኋትን የእሳቸውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ዘልዬ። ዓይኔን ከወረቀቱ አላነሳሁም።

«አበቃ?»

«አበቃ።»

እጃቸው ከቀለሙ በላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አድርገው አተሙልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፖስታውን ወልድያ አደረስኩ። አሥር ቀን ቆይቶ ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት መምህራን ወልድያ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተከራይተው የሰሜኑን አመልካቾች ያነጋግሩ ነበር። ከመርሳ በጠዋቱ ሚኒባስ ወጣሁ። ሲሪንቃን እስክናልፍ ድረስ የምመልሰውን ሁሉ በቃሌ ስወጣው ነበር። ስለ ግጥም ይጠይቁኛል ብዬ ነው።

ስለ ግጥም አልጠየቁኝም። ሴትዮዋ መምህር ሁለቱን ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አደረጉ፤ የእኔንና የምስክሬን። ወንዱ መምህር በእስክሪብቶ ጫፍ አንዱን «ወ» ከዚያም ሌላኛውን «ወ» ነካ።

«እነዚህ የአንድ ሰው እጅ ናቸው፤» አለ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መርሳ ላይ ወረቀት ሁሉ በእኔ ወይም በአጎቴ እጅ ነው የሚጻፍ፤ ማንም «ማን ጻፈው?» ብሎ አይጠይቅም። የራሴን ምስክርነት በራሴ እጅ ስጽፍ፣ ከዚያም «ጸሐፊው እኔ ነኝ» ብዬ ሳላስቀምጥ ስልከው፣ ነገሩ በውጭ ሰው ዓይን ምን እንደሚመስል ለአንዲት ቅጽበት እንኳ አልታየኝም።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ያሉት ግን እሳቸው ናቸው፤» አልኩ። ስለ ሥራዬ አስረዳሁ። ባስረዳሁ ቁጥር ይበልጥ ውሸታም እየመሰልኩ መሄዴ ይሰማኝ ነበር።

«ይህ ሁሉ ራስህ የፈጠርከው ቢሆንስ?» አለ ወንዱ።

«ብፈጥረው ይቸኩላል ብዬ እጽፍ ነበር?»

«ብልጥ ሰው እንደዚያ ሊጽፍ ይችላል።»

እውነቱን ነበር። ሴትዮዋ አሻራውን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉና ቀና ብለው አዩኝ።

«የተናገሩትን ሁሉ ነው የጻፍክ?»

አዎ ማለት ነበረብኝ። ከመርሳ ወልድያ ድረስ ተዘጋጅቼ የመጣሁት ለዚያ ነው፤ ተስማሚውን መልስ ለመስጠት። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ከመናኸሪያው የረዳቶች ጩኸት ይገባል፤ «መርሳ! መርሳ! ደሴ!»

«አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀርቻለሁ፤» አልኩ። ምን እንደሆነም ነገርኳቸው።

ሴትዮዋ ደብዳቤውን ወደኔ ገፉት። «እንግዲያው አሁን ጻፈው።»

«አልችልም።»

«ለምን?»

«አሻራቸው አርፎበታል። ከአሻራ በታች አይጨመርም። እሳቸው ባሉበት ነው የሚጻፍ።»

ወንዱ መምህር ሰዓቱን አየ። «ጥሩ። እናሳውቅሃለን።» ሌላ ጥያቄ የለም፤ ያን ሁሉ የሸመደድኩትን ይዤ ወጣሁ።

በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ፣ ከአንድ ኩንታል ሽንኩርት አጠገብ ተጨንቄ ተመለስኩ። አበቃልኝ ብዬ ነበር። አስመሳይ ብለው እንዳባረሩኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የከፉ ነበሩ። ስልኬን ከእጄ አላወርድም፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ያልቅብኛል ብዬ ለሰው እንኳ አልደውልም። አንድም ስንኝ አልጻፍኩም። የሰው ማመልከቻ ላይ ስም መሳሳት ጀመርኩ። አጎቴ ማሾፉን ተወ፤ ያ ደግሞ ከማሾፉ ባሰብኝ። አንድ ቀን ደላላው ቆም ሲል፣ «በሚቀጥለው ሳምንት እንነጋገር፤» አልኩት። ፈገግ ብሎ ሄደ።

የሚቀጥለው ሳምንት ሳይደርስ መልእክቱ መጣ። አንድ መስመር ነው፤ ተቀብለንሃል፣ በዚህ ቀን ሪፖርት አድርግ ይላል። ለአጎቴ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበው፣ አውልቆ ጠረገውና ደግሞ አነበበው። «ገጣሚው፤» አለ። በዚያን ጊዜ ስድብ አልነበረም።

እኔ ግን ቀኑን ነበር የማየው። የግራናዋ ባለጉዳዬ ውሳኔ የሚነበበው እኔ ከሄድኩ በአራተኛው ቀን ነው።

የገበያ ቀን ሲመጡ ነገርኳቸው። «አላህ ያግዝህ፤» አሉ። ጣታቸውን ወንበሩ ጠርዝ ላይ ያንሸራትቱ ነበር።

«ያን ቀን አንዷን ዘለልካት፤» አሉ በመጨረሻ። «ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ፊትህን አይቼ።»

ሦስት ወረቀት አወጣሁና መጻፍ ጀመርኩ። አንዱ ቢፈረድላቸው ፍርዱ ይፈጸምልኝ የሚል ነው፤ አንዱ ቢፈረድባቸው ለይግባኝ የውሳኔ ግልባጭ ይሰጠኝ የሚል፤ አንዱ ደግሞ ቀጠሮው ቢራዘም አጭር ቀን ይሰጠኝ የሚል። ቀኑን ክፍት ተውኩት፤ የመዝገብ ቤቷ ልጅ ትሞላላቸዋለች። ማንበብ ስለማይችሉ፣ እንዲለዩት የተፈረደላቸውን አንድ ጊዜ፣ የተራዘመውን ሁለት ጊዜ አጠፍኩ። የተፈረደባቸውን የምናስርበት ክር ከሻሻቸው ጫፍ መዘው ሰጡኝ።

«ሳይታሰር አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው። የልማዴን ችኮላ ትቼ፣ አንድም ቃል ሳልዘል።

«እዚህ፣ በክር በሚታሰረው ላይ፣ አለቀሰች ብለሃል?»

«ኧረ አላልኩም፣ እናቴ። ካለፈው ጊዜ ወዲህ ጽፌ አላውቅም።»

አውራ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ ሰደዱና፣ ሳይነኩት መልሰው ያዙት።

«ሳላትም ጨምርበት። ከተፈረደብኝማ አለቅሳለሁ።»